የባለብዙ ካሜራ ቪዲዮ ቅንብር

የባለብዙ ካሜራ ቪዲዮ ቅንብር አንድን ድርጊት በተመሳሳይ ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ የቀረጹ ካሜራዎችን ምስል በጊዜ አጣጥሞ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በመቀያየር አንድ ወጥ ቪዲዮ የማዘጋጀት ሥራ ነው። በሙያተኞች ዘንድ መልቲካም ኤዲቲንግ ይባላል። ሰርግ፣ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ቲያትርና ቃለ መጠይቅ በብዛት በዚህ መንገድ ይቀናበራሉ። በቀጥታ ስርጭት የሚታየው ካሜራ የሚመረጠው እዚያው ድርጊቱ እየተካሄደ ነው። በዚህኛው አሠራር ግን ሁሉም ካሜራ ለየብቻ ቀርጾ ይቆይና ምርጫው በኋላ ይደረጋል።

ታሪክ

አሠራሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ፣ በተመልካች ፊት በሦስት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራዎች ይቀረጽ ነበር። የቀረጻው ኃላፊ ካርል ፍሮይንድ፣ ኤዲተሩ ደግሞ ዳን ካን ነበሩ። ካን ፊልሞቹን ጎን ለጎን እያዩ ለመቁረጥ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ሞቪዮላ የተባለ ማሽን ይጠቀም ነበር፤ ማሽኑ «ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። የዛሬ ሶፍትዌሮች ካሜራዎቹን በአንድ ስክሪን ከፋፍለው ሲያሳዩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ሙያተኞች ይህን አገልግሎት ምን ያህል እንደሚፈልጉት በፋይናል ካት ፕሮ ታይቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አዲስ እትም መልቲካም ስላልነበረው ብዙ ኤዲተሮች ተቃወሙ፤ አገልግሎቱ በ2012 መጀመሪያ ላይ ተጨመረ።

ማጣጣም

የሥራው መሠረት ካሜራዎቹን በጊዜ ማጣጣም፣ ማለትም ሲንክ ማድረግ ነው። በ1 ሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረጽ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ልዩነቱ ጥቂት ፍሬሞች ከደረሰ የተናጋሪው ከንፈርና ድምጽ መለያየታቸው ለተመልካች ይታወቃል።

ጥሩ ካሜራዎች በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የሰዓት ምልክት ያትማሉ፤ ይህም ታይም ኮድ ይባላል። እሱ ከሌለ ሶፍትዌሩ የካሜራዎቹን ድምጽ ሞገድ አነጻጽሮ ያገጣጥማል። ለዚህ ታዲያ እያንዳንዱ ካሜራ፣ ድምጹ በመጨረሻ ባይፈለግ እንኳ፣ ድምጽ መቅዳት አለበት። ሁሉም ካሜራ ከተነሳ በኋላ አንድ ሰው በሁሉም ፊት አንድ ጊዜ ቢያጨበጭብ ምስሉም ድምጹም ግልጽ ምልክት ይሆናል። ምንም ወጪ የሌለው ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።

በድምጽ ማጣጣም የራሱ ወጥመድ አለው። ድምጽ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ድምጹን የሚሰማው በ0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ድምጽ መድረክ ላይ ካለው ማይክሮፎን ድምጽ ጋር ሲያገጥመው የሩቁ ካሜራ ምስል በ2 ወይም በ3 ፍሬም ይቀድማል። ኤዲተሩ ይህን በዓይኑ አይቶ በእጁ ማረም አለበት።

ሌላው ችግር ቀስ በቀስ መንሸራተት ነው። የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ፈጽሞ እኩል አይሄድም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳ በ1 ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 2 ፍሬም ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ የገጠመ ረጅም ቀረጻ መጨረሻው ላይም መፈተሽ አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስልክ ቀረጻ ነው። ብዙ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸውን በራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ያለው ፋይል ከመቀናበሩ በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት ቢቀየር ይመረጣል። እንደ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለበት አገር ደግሞ በ25 ፍሬም እና በ1/50 ሰከንድ ሻተር መቅረጽ የመብራት ብልጭልጭታን ያስወግዳል። አንዱ ካሜራ በ30፣ ሌላው በ25 ከቀረጸ እንቅስቃሴው በአንደኛው ላይ ይንጠራወዛል። የሰርግ ቃል ኪዳን ደግሞ ዳግመኛ አይቀረጽም።

መቁረጥ

በአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭና በፋይናል ካት ፕሮ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው፤ ነጻ ከሆኑት መካከል ኬደንላይቭም ይህን ይችላል። ካሜራዎቹ ተጣጥመው ወደ አንድ የመልቲካም ክሊፕ ይጠቃለላሉ። ከዚያ ቪዲዮው እየተጫወተ ኤዲተሩ በመዳፊት ወይም በቁጥር ቁልፎች ካሜራ ይመርጣል፤ በእያንዳንዱ ምርጫ ላይ መቁረጫ ይገባል። የዘገየ መቁረጫ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊገፋ ስለሚችል በመጀመሪያው ዙር መጠንቀቅ አያስፈልግም።

ድምጹ ግን አብሮ መቀያየር የለበትም። የአዳራሹ ማሚቶ በየካሜራው ስለሚለያይ፣ ንጹሑ ድምጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ከሥር እንዲሄድ ይደረጋል። የካሜራዎቹ ቀለምም ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ነጭ ልብስ በአንደኛው ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ከመሰለ መጀመሪያ እሱን ማቀራረብ ይገባል።

የኮምፒውተር አቅም

አራት ካሜራዎችን በአንድ ጊዜ ማጫወት ከባድ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራቱ 180 ጊጋባይት ይሆናሉ። ስለዚህ ለሥራው ፕሮክሲ የሚባሉ አነስተኛ ቅጂዎች ይዘጋጃሉ። ቅንብሩ በእነሱ ላይ ይሠራና የመጨረሻው ቪዲዮ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች ይመለሳል፤ ለዚህም የዋናዎቹ ፋይሎች ስምና ቦታ በመሃል መቀየር የለበትም።