ከአልጋው ራስ የተሰቀለው ውኃ

እኛ በደፈናው «ግሉኮስ» የምንለው፣ ከአልጋው ራስ የሚሰቀለው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ስኳር የሌለበት የጨው ውኃ ነው። የስሙን ነገር እንተወውና ወደ ልደቱ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1831 ኮሌራ እንግሊዝ ሲገባ፣ ኦሾግነሲ የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት ሐኪም የሕሙማኑን ደም መርምሮ ውኃውና ጨዉ መጉደሉን ደረሰበት። ሌሎች ሐኪሞች ያንኑ የወፈረ ደም በዋግምትና በብጣት ያፈሱ ነበር! በ1832 ስኮትላንዳዊው ቶማስ ላታ የጎደለውን ለመመለስ ተነሣ። የመጀመሪያ ታካሚው ያለቀላት አሮጊት ነበረች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ያህል በደም ሥሯ ገባ፤ ሴትዮዋም ጠንከር ባለ ድምፅ «ደኅና ነኝ» ለማለት በቃች። ላታ ለሆስፒታሉ ሐኪም አስረክቧት ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ አገረሸ፤ ፈሳሹን የደገመላት ግን አልነበረም። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች።

እኔን ከግኝቱ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ርክክብ ነው። የወጣውን ማን ለካ? መቼ ይደገም ተባለ?

ማብዛቱም ይገድላል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ትኩሳት የጸናባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን ተከታትሏል (ተቅማጥ የያዛቸው አልተካተቱም)። ፈሳሽ በጥድፊያ ከተሰጣቸው ከመቶ 10.5ቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 ነበሩ።

እንግሊዞች ፈሳሽ የታዘዘለት ሰው በየዕለቱ እንዲመረመር፣ ገቢና ወጪው እንዲመዘገብ፣ በየሆስፒታሉም ለዚሁ ኃላፊ እንዲሰየም መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ አሮጊቷ ከሞተች ከ181 ዓመት በኋላ።