የሽንፈት ገጽ፦ ጆ ሉዊስ፣ ማይጨውና የእኛ መዝገብ

የጥሪ ወረቀቱን ያነበባችሁ ሁሉ የታሪክ መምህር ስለ ቡጢ ምን አገባው ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። የዛሬው ንግግሬ በእርግጥም ስለ አንድ ቡጢኛ ሦስት ሽንፈቶች ነው። ወዴት እንደሚያደርሰን ግን ቀስ በቀስ ይገለጣል። ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጆ ሉዊስ ግንቦት 5 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ተወለደ። ቤተሰቡ ኋላ ወደ ዲትሮይት ፈለሰ። በሙያ ቡጢኛነት የመጀመሪያ ግጥሚያውን ሰኔ 27 ቀን 1926 ዓ.ም.፣ የመጨረሻውን ደግሞ ጥቅምት 15 ቀን 1944 ዓ.ም. አደረገ። በእነዚህ 17 ዓመታት 69 ጊዜ ተጋጥሞ 66 ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህም 52ቱን በዝረራ። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነቱን ከ11 ዓመት በላይ ይዞ 25 ጊዜ ተከላክሏል። የተሸነፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው።

ሰውየው ከእኛ ታሪክ ጋር የተገናኘው በሽንፈት ሳይሆን በድል ነበር። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ከቀድሞው ሻምፒዮን ከግዙፉ ጣሊያናዊ ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። የወልወል ግጭት ከደረሰ ገና ሰባት ወር አልሞላውም ነበር፤ የሙሶሎኒም ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እየተከማቸ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ያንን ግጥሚያ የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ብቻ አድርገው አላዩትም። ለእነርሱ ሉዊስ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራም ጣሊያን ነበር። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ መቀጠል ሲያቅተው የሃርለም ጎዳናዎች በደስታ ተጥለቀለቁ። በዚያው ዓመት በዚያው ሰፈር ሺዎች ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ጥቁሩ አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም ባሕር ተሻግሮ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ለማብረር መጣ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ተሸነፍን፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ከዚህ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላሸነፈው ጆ ሉዊስ በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር በዝረራ ወደቀ። ከ11 ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ። በአንድ ክረምት መግቢያ የሃርለም ሰው ሁለት ኀዘን ተቀመጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለታሪክ ተማሪ ከኀዘኑ ይልቅ የሚጠቅመው ሽንፈቱ የተነበበበት መንገድ ነው። ሽሜሊንግ ከግጥሚያው በፊት ሉዊስ ሲጋጠም ተመልክቶ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ሉዊስ በግራ እጁ ከመታ በኋላ እጁን ወደ አገጩ ሳይመልስ ዝቅ ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት የፊቱ ግራ ጎን ክፍት ይሆናል። ሽሜሊንግ ቀኝ እጁን በዚያች ክፍተት ደጋግሞ አሳለፈ። ሉዊስ ለግጥሚያው በሚገባ አልተዘጋጀም ነበር፤ ከልምምዱ ይልቅ የጎልፍ ጨዋታ ይስበው እንደነበር ተጽፏል።

እንግዲህ ምክንያቱን ወደ ውጭ መወርወር ይቻል ነበር፤ ለወገኖቹ ኩራት ሲባል ነገሩን ማድበስበስም እንዲሁ። ሉዊስና አሠልጣኙ ጃክ ብላክበርን ግን ክፍተቱን ተቀብለው ጉድለቱን በልምምድ አረሙ። ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. ሉዊስ ሻምፒዮን ሆነ። ልክ ዓመቱን ጠብቆ፣ ሰኔ 15 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር በ124 ሰከንድ ዘረረው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኔ ያደግሁት ጎብዬ ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ፣ ከቆቦም ወደ አላማጣና ማይጨው የሚወስደው መንገድ ዳር። በልጅነቴ ሽማግሌዎች የማሽላ ጥበቃ ማማ ሥር ተቀምጠው ሲያወጉ ዓመትን የሚቆጥሩት «ከጣሊያን በፊት» እና «ከጣሊያን ወዲህ» እያሉ ነበር። ስለ አድዋ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ስለ ማይጨው ሲሆን ግን ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም እኛ ልጆቹ ወደ ከብቶቹ እንድንሄድ እንታዘዛለን። ያ ድምፅ ለምን ዝቅ እንደሚል የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከማይጨው ያፈገፈገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ አለቀ። ይህን ሁላችንም እናስተምራለን፤ ማስተማርም ይገባናል፤ ወንጀል ነበርና። በዚያው መንገድ ላይ ግን የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች የገዛ አገራቸውን ጦር አጥቅተዋል። ጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ አድሏቸው ነበር። ከዚያ በፊትም፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ መንግሥት በዚሁ ሕዝብ ላይ ዘምቶ ቀጥቶታል። ጠላት ያንን ቁስል አይቶ ገባበት እንጂ ቁስሉን ራሱ አልፈጠረውም። ሽሜሊንግ የሉዊስን ግራ እጅ ዝቅ እንዳላደረገው ሁሉ።

ይህን ስናገር ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የተጠቀሱት ሰዎች የእኔም አያቶች ናቸው። አንድ ሕዝብ በጅምላ አይፈረድበትም፤ የአርበኛም የባንዳም ስም ለአንድ አካባቢ በሙሉ አይሰጥም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከድል በኋላ ያ ሽንፈት ተነበበ ወይ? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በ1935 ዓ.ም. በራያና በምሥራቅ ትግራይ ቀዳማዊ ወያኔ የምንለው ዐመፅ ተነሣ። መልሱ እንደገና ዘመቻ ሆነ፤ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐመፁ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች እርዳታ ጭምር ተደፈነ። በማይጨው ሰማይ ላይ አውሮፕላን ምን እንደሚያደርግ ያየ መንግሥት፣ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ በራሱ ሕዝብ ላይ አውሮፕላን አስጠራ። ግራ እጁ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነበር።

የሉዊስ የቀሩት ሁለት ሽንፈቶች ሌላ ዓይነት ናቸው። በ1934 ዓ.ም. የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለአገሩ ባሕር ኃይልና ምድር ጦር መረዳጃ ሰጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ከባድ ዕዳ ጠየቀው። ሉዊስ ከሙያው ከተሰናበተ በኋላ ዕዳውን ለመክፈል ወደ መድረኩ ተመለሰ። መስከረም 17 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ስናከብር በዋለው ቀን፣ በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1944 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቱ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ የሆነው ወጣቱ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር አሸነፈው። እነዚህን ሽንፈቶች የትኛውም ልምምድ አያርማቸውም። ምክንያታቸው ዕድሜና ዕዳ ነውና፤ ዕዳውንም ያከበደው ያገለገለው አገር ነው።

መዝገቡ ሦስቱንም በአንድ ዓምድ «3» ብሎ ይጽፋል። የታሪክ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር በኋላ ነው። የትኛው ሽንፈት ከራስ ጉድለት መጣ? የትኛው ከጠላት ብልጫ? የትኛውስ ባለ ዕዳ ያደረጉን ወገኖቻችን ያደረሱብን ነው? ማይጨው ሦስቱንም አዝሏል። የመርዝ ጋዙ የጠላት ነው፤ የተዘጋጀንበት መንገድ የራሳችን ነው፤ የራያ ገበሬ ቂም ደግሞ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ሦስቱን ለይቶ ያልጻፈ የታሪክ መጽሐፍ፣ ወይ በእንባ ብቻ ወይ በፉከራ ብቻ ይሞላል።

ውድ ተማሪዎች፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚያው መንገድ፣ በቆቦና በጎብዬ፣ ጦርነት ተመላልሷል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዘመድ ቀብራችኋል። የማን ድል፣ የማን ሽንፈት እንደነበር የሚከራከሩ ድምፆችን በየቀኑ ትሰማላችሁ። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያየ ሰው በሕይወት ሳለ ሂዱና ጠይቁት። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አትሽሹ፤ ማስታወሻ ደብተራችሁን ያን ጊዜ ክፈቱ። የእኔ ትውልድ ወደ ከብቶቹ ሂዱ ሲባል ሄደ፤ እነዚያ ሽማግሌዎችም ያወቁትን ይዘው ተቀበሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገራችን ሰው።

ጆ ሉዊስ ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. አረፈ። ከቀብሩ ወጪ ከፊሉን የሸፈነው አንድ ጊዜ የዘረረው፣ አንድ ጊዜም የተዘረረለት ማክስ ሽሜሊንግ እንደነበር ይነገራል። ሁለቱ ሰዎች ከ1928 ዓ.ም. የሰኔ ሌሊት አንሥቶ ስለ ሽንፈት የሚያውቁትን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም በመጨረሻ ወዳጅ ለመሆን በቁ። የእኛስ መዝገብ ለዚህ ይደርስ ይሆን? ጥያቄውን ለውይይቱ ትቼላችሁ እቀመጣለሁ።