የቤተሰብ ዓሣ ኩሬ የውሃ ጥራት ምርመራና ክትትል

መግቢያ

በጓሮ በተቆፈረ ኩሬ ወይም በሲሚንቶና በሸራ በተሠራ ገንዳ ዓሣ ማርባት ለቤተሰብ ምግብና ለተጨማሪ ገቢ የሚያገለግል የግብርና ሥራ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚመገበውም፣ የሚጸዳዳውም በአንድ ውሃ ውስጥ በመሆኑ የውሃው ጥራት ሲጓደል ጉዳቱ ፈጣን ነው፤ ለወራት የተቀለበ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት አስቀድሞ ምልክት የሚሰጥ በመሆኑ በመደበኛ ክትትል መከላከል ይቻላል። ይህ ጽሑፍ አርቢዎች ምን፣ መቼና እንዴት መለካት እንዳለባቸው፣ እንዲሁም ችግር ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል።

1. ዓሣ ከመጨመር በፊት

የቧንቧ ውሃ የተጨመረበት ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል፤ ቆሻሻን የሚያብላሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ስለሆነም ውሃውን ክፍት በሆነ ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማሳደርና አልፎ አልፎ ማማሰል ያስፈልጋል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ኦክስጅን ስለሚይዝ ከከፍታ እየወረደና እየተረጨ እንዲገባ ማድረግ ይገባል። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ኖራ እየለቀቀ የውሃውን ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ ደጋግሞ መሙላትና ማፍሰስ፣ ከዚያም ፒኤቹን ለክቶ መረጋጋቱን ማረጋገጥ ይጠይቃል። አሞኒያን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በእነዚህ ሳምንታት የዓሣው ቁጥርና የመኖው መጠን አነስተኛ ሊሆን ይገባል።

2. የሚለኩ ነገሮችና ተስማሚ መጠናቸው

ሀ) ሙቀት፦ ቆሮሶ በተሻለ ሁኔታ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲወርድ የመመገብ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ መኖውም አብሮ መቀነስ አለበት፤ ያልተበላ መኖ በስብሶ ውሃውን ያበላሻልና። በደጋ አካባቢ ቅዝቃዜን የሚችል እንደ ካርፕ ያለ ዝርያ መምረጥ ይመከራል።

ለ) ኦክስጅን፦ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ከ4 ሚሊግራም በሊትር በላይ ቢሆን ይመረጣል። አምባዛ አየር ከውሃው ወለል በላይ መሳብ ስለሚችል የኦክስጅን እጥረትን ከሌሎች በተሻለ ይቋቋማል። በመሆኑም በአንድ ኩሬ ቆሮሶና አምባዛ ሲረቡ ቀድሞ የሚጎዳው ቆሮሶ ነው።

ሐ) ፒኤች፦ ከ6.5 እስከ 9 ያለው ተስማሚ ነው። አፈሩ አሲዳማ በሆነ አካባቢ ከዚህ ሲወርድ በባለሙያ ምክር የግብርና ኖራ መጠቀም ይቻላል።

መ) አሞኒያና ናይትራይት፦ አሞኒያ ከዓሣው ጽዳጅና ከተረፈ መኖ ይመነጫል። ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ሲበዛ የዓሣው ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ ስንጥቡም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። የሁለቱም መጠን በመመርመሪያው ላይ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት።

ሠ) የውሃው ጥራዊነት፦ ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው ማስገባት ቀላል መለኪያ ነው። ውሃው ክርን ላይ ሳይደርስ መዳፍ ከተሰወረ አልጌው በዝቷል፤ ፍግና መኖ መቀነስ አለበት። ክርን ከጠለቀም በኋላ መዳፍ በግልጽ ከታየ ለዓሣው የተፈጥሮ ምግብ የሚሆነው አልጌ አንሷል ማለት ነው። ይህ መለኪያ በጭቃ ለደፈረሰ ውሃ አያገለግልም።

3. የመለኪያ ሰዓት

የልኬት ሰዓት ካልተጠበቀ ውጤቱ ያሳስታል። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን ራሱ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ኦክስጅን ዝቅተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚለካ አርቢ ኩሬው ጤናማ መስሎት ሌሊቱን ዓሣውን ሊያጣ ይችላል።

የአሞኒያ ሁኔታ ደግሞ ተቃራኒ ነው። መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ከፒኤችና ከሙቀት ጋር አብሮ ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 9 ሲሆን ግን ከሲሶ ይበልጣል። ፒኤች ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ አሞኒያና ፒኤች በዚሁ ጊዜ አንድ ላይ መለካት አለባቸው።

በዚህ መሠረት የዓሣውን ሁኔታና የውሃውን ሙቀት በየዕለቱ ማለዳ፣ ፒኤች፣ አሞኒያና ናይትራይትን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መከታተል ይገባል። አዲስ ገንዳ ግን በየሁለት ቀኑ ቢለካ ይመረጣል። ለቤተሰብ ደረጃ ቀለም የሚለውጡ የመመርመሪያ ጠብታዎችና ወረቀቶች በቂ ሲሆኑ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው አለማለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

4. የአደጋ ምልክትና አስቸኳይ እርምጃ

ዓሦች ማለዳ ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ቢታዩ፣ መኖ ቢተዉ ወይም ውሃው ቢሸት የሚከተሉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል መውሰድ ይገባል።

• መኖና ፍግ መጨመርን ወዲያውኑ ማቆም፤
• ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየረጩ ማስገባት፤ ለዚህም ያደረ ውሃ በበርሜል አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤
• ከታች ያለውን ውሃ እስከ ሲሶ ድረስ ቀስ በቀስ መቀየር፤ ሙሉ በሙሉ መቀየር ዓሣውን በድንገተኛ ለውጥ ይጎዳል፤
• የሞቱትን አውጥቶ መቅበር፤ በድንገት የሞተ ዓሣን ለምግብም ሆነ ለሽያጭ አለማቅረብ።

አሞኒያ ከፍ ባለበት ጊዜ ኖራ መጨመር አይገባም። ኖራ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርግ አሞኒያውን ይበልጥ መርዛማ ያደርገዋል። በአቅራቢያ ባለ ማሳ ፀረ ተባይ ከተረጨ ደግሞ የጎርፍ ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይገባ አስቀድሞ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል።

5. መዝገብ መያዝ

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ የአሞኒያና የናይትራይት መጠኑን፣ የተሰጠውን መኖና የሞተውን ዓሣ ብዛት በአንድ ደብተር መመዝገብ ይገባል። ከአንድ ነጠላ ልኬት ይልቅ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ችግሩን ቀድሞ ያመለክታል።

6. የባለሙያ ድጋፍ ለማግኘት

ችግሩ ከቀጠለ በመጀመሪያ የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ባለሙያ፣ ቀጥሎም የወረዳዎን የግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ሲሄዱ የክትትል ደብተርዎንና የውሃ ናሙና ይያዙ። ናሙናውን በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በዚያው የኩሬ ውሃ ሦስት ጊዜ ካለቀለቁ በኋላ፣ ከወለሉ ዝቅ ብለው እስከ አፉ ድረስ ይሙሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው፣ ከፀሐይ ከልለውና አቀዝቅዘው በዚያው ቀን ያድርሱ።