የባዮስና የሊኑክስ አለመጣጣም፤ አጭር ታሪክ

በቀደሙት የግል ኮምፒዩተሮች ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በማዘርቦርዱ ላይ በቺፕ ውስጥ የሚገኘው ባዮስ የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም ነበር። ባዮስ ሜሞሪውንና ዲስኩን መርምሮ ሥራውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክብ ነበር። ርክክቡ ካልተስተካከለ የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። በየቤታቸው ሊኑክስን ለመጫን የሞከሩ ብዙ ሰዎች የደረሰባቸው ችግር ምንጩ ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ የባዮሱን ዝርዝር በቴክኒክ መመሪያው ውስጥ አሳትሞት ነበር። የባለቤትነት መብቱ ግን የተጠበቀ ስለ ነበር፣ እንደ ኮምፓክ ያሉ ተወዳዳሪዎች ጽሑፉን ሳይቀዱ ጠባዩን ብቻ የሚመስል የራሳቸውን ባዮስ አዘጋጁ። ከዚህም የተነሣ የተስማሚነት መመዘኛው የጽሑፍ ደንብ መሆኑ ቀርቶ የታወቁት ፕሮግራሞች መሥራታቸው ሆነ።

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን የጀመረው ባለ386 ፕሮሰሰር በሆነ የግል ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ባዮስ የተጻፈው ለ16 ቢት አሠራር ሲሆን ሊኑክስ በ32 ቢት ይሠራ ስለ ነበር፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ዲስኩን በቀጥታ ያዝዝ ነበር። እስኪነሣ ድረስ ግን ከባዮስ እጅ አያመልጥም ነበር። ባዮስ የዲስክን ሲሊንደር የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለ ሆነ ከ1,024 በላይ መቁጠር አይችልም፤ በ16 ራስ፣ በ63 ሴክተርና በ512 ባይት ሲባዛ ከ528 ሚሊዮን ባይት ጥቂት ይበልጣል። ሊኑክስ ከዚያ ማዶ ያለውን ማንበብ ቢችልም፣ ሊሎ የተባለው ማስነሻ የሚያነበው በባዮስ አማካይነት ስለ ነበር፣ ከርነሉ ከወሰኑ ወዲያ ከተቀመጠ ማሽኑ አይነሣም ነበር። የተለመደው መፍትሔ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለከርነሉ አነስተኛ ክፍል መለየት ነበር።

በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ባዮስ የማዘርቦርዱን ክፍሎችና የኃይል አጠቃቀማቸውን በሠንጠረዥ ያስረክባል፤ በሠንጠረዡም ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እየተረጎመ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች አሉ። ብዙ ፋብሪካዎች ሠንጠረዡን የፈተኑት በዊንዶውስ ብቻ ስለ ነበር ስሕተቱ በሊኑክስ ላይ ጎልቶ ታየ፤ ተኝቶ የማይነቃ ማሽን በረከተ። ተጠቃሚው ኤሲፒአይን ዘግቶ ሲያስነሣ ማሽኑ ይሠራለት ነበር፤ ኃይል ቆጣቢነቱ ግን አብሮ ይቀር ነበር። በመጨረሻም የሊኑክስ ሠሪዎች፣ ባዮሱ የዊንዶውስን ስም ጠርቶ ሲጠይቅ ከርነሉ «አዎን» ብሎ እንዲመልስ አደረጉ፤ በፋብሪካ የተፈተነው መንገድ ያ ነበርና።

ሌሎች ደግሞ ባዮስን ራሱን ለመተካት ተነሡ። በ1999 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሮን ሚኒክ ሊኑክስባዮስን ጀመረ፤ በ2008 ስሙ ኮርቡት ሆነ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማዘርቦርድ የየራሱ ሥራ የሚጠይቅ በመሆኑና የቺፖቹ ሰነድ ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ የሚሠራባቸው ማዘርቦርዶች ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ ለመሐንዲስ ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ደንብ ቢጻፍም ፈተናው በአንድ ደንበኛ ብቻ ከተወሰነ፣ የሚጸናው የተጻፈው ደንብ ሳይሆን የደንበኛው ልማድ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ማሽኑን በገንዘቡ ገዝቶ በፈቀደው ፕሮግራም ሊሠራበት ያልቻለው ባለቤት ነው።