የደጋ ልጆች ፍሬ፦ በምሥራቅ ጎጃም ከአጋም ጥሻ እስከ ቤት ጀላቲ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ የፍራፍሬ ታሪክ በአብዛኛው የልጆች ታሪክ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜ፣ ከእርሷም ወዲያ ያሉት የብቸናና የሞጣ አገሮች በጤፍና በስንዴ የሚታወቁ የእህል አገሮች በመሆናቸው፣ የአዋቂው ማዕድ እንጀራና ወጥ፣ ጠላና ጠጅ ነበረ፤ ፍሬ በማዕዱ ላይ ቋሚ ስፍራ አልነበረውም። ፍሬ የሚበላው በግጦሽ ሜዳና በጥሻ ዳር ነበረ፤ በላተኛውም እረኛው ልጅ ነበረ። ዛሬ ማቀዝቀዣ በገባባቸው የኢትዮጵያ ከተሞች ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ጀላቲ፣ ማለትም በትንሽ እንጨት ላይ ረግቶ የሚላስ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ በቤታቸው ሲያዘጋጁ የሚታየው ለውጥ በዚህ ታሪክ ላይ የተጨመረ አዲስ ምዕራፍ ነው፤ ልጆች ለዘመናት በዱር ለብቻቸው ይዘውት የኖሩትን ምግብ አዋቂው ወደ ቤቱ አስገብቶታልና።

የዱሩ ጓዳ ሰፊ ነበረ። አጋም፣ ሲበስል ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ፍሬ ያለው እሾኻም ቁጥቋጦ፣ በየወሰኑና በየአጥሩ ይበቅል ስለ ነበረ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት እርሱን ነው፤ እሾኹም «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚያሰኝ ስለሆነ ፍሬውን ያለ ጭረት መልቀም ራሱን የቻለ ሙያ ነበረ። ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ነው፤ ብርቱካንማ ሥጋው ቢጣፍጥም በውስጡ ያለው ጸጉራም ዘር ጉሮሮን ስለሚቧጥጥ፣ ልጆች ፍሬውን ከፍተው ዘሩን አራግፈው መብላትን ከታላላቆቻቸው ይማሩ ነበር። ኮሽም በኮምጣጣነቱ፣ እንኮይና እሸ በጣፋጭነታቸው፣ ዶቅማ አፍን በሚያጠቁር ጭማቂው፣ ዋንዛ ደግሞ ጣት ላይ በሚጣበቅ ዝልግልግ ማሩ ይታወቃሉ። ሾላ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሾላን ፍሬ የሚያዳብሩት ጥቃቅን ነፍሳት በውስጡ ስለሚኖሩ ከፍቶ ማየት የምግብ ፍላጎትን ሊዘጋ ይችላል፤ «ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገርም የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያፈራ፣ የቱ ሳይበስል አፍ እንደሚያስር፣ የቱ ሲበዛ ሆድ እንደሚነፋ፣ በመጽሐፍ ሳይሰፍር ከልጅ ወደ ልጅ የተላለፈ ትምህርት ነበረ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከሚሰጠው ግምት እጅግ የሚበልጥ ክብር ይገባዋል።

አዋቂው ለዚህ ምግብ የነበረው አመለካከት ሁለት መልክ ነበረው። በጥጋብ ዘመን የዱር ፍሬ ሲለቅም መታየት ለትልቅ ሰው የሚያሳፍር ነገር ሲሆን፣ በረኃብ ዘመን ግን ያው ፍሬ የሕይወት ማትረፊያ ይሆን ነበር። በዚህ መካከል የቆሙት የቆሎ ተማሪዎች፣ ማለትም ከቤታቸው ርቀው በልመና እየኖሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማሩት ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን የመሰሉ የምሥራቅ ጎጃም ታላላቅ ገዳማትና አድባራት እነዚህን ተማሪዎች ከየአገሩ ይስቡ ስለ ነበረ፣ የመንገድ ዳር ፍሬ ለእነርሱ ከስንቅ ይቆጠር ነበር። ዘመደ አስፋውን የመሰሉ የኢትዮጵያ የዕፅዋት ሊቃውንት ከተለያዩ ክፍላተ ሀገር የሰበሰቡት መረጃም የዱር ፍሬ በላተኞች በዋናነት ልጆችና እረኞች መሆናቸውን ያሳያል፤ እርሱ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የዳሰሳ ጥናት በኢትዮጵያ ለምግብነት የሚውሉ 413 የዱር ዕፅዋት ተመዝግበዋል።

በእጅ የተተከለ ፍሬ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሎሚ፣ ትርንጎና ብርቱካን በገዳማት አትክልት ስፍራ ማየቱን ጽፏል፤ ትርንጎ ወፍራም ልጣጭ ያለው የሎሚ ወገን ነው። እንዲህ ያለው ተክል ውኃና አጥር፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ያለው ባለቤት ስለሚሻ የገዳምና የባለርስት ንብረት ሆኖ ቆይቷል፤ የእረኛው ልጅ ድርሻ የዱሩ ነበረ።

ጣፋጭነት የሚገኘው ከሌላ በኩል፣ ከማር ነበረ። ጎጃም የማር አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የአገው ምድር ሰዎች ለጎንደር ማርና ቅቤ፣ ከብትና ሰም ያቀርቡ እንደ ነበረ መዝግቧል። ማሩ ወደ ጠጅ ጋን ሲገባ የአዋቂ ድርሻ ይሆናል፤ ከመፍላቱ በፊት በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ግን ብርዝ ይባላል፤ ብርዝም አስካሪ ስላልሆነ ለልጆች፣ ለሙስሊም እንግዶችና መጠጥ ለማይቀምሱ ሰዎች የሚቀዳ የድግስ መጠጥ ነበረ። ዛሬ በቤት ለሚሠራው ጀላቲ ከዱሩ ፍሬ ቀጥሎ ሁለተኛው አያት ብርዝ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ነገር ቅዝቃዜ ነው፤ ስለ ቅዝቃዜ ሲነገርም የወቅቱ ነገር በደንብ መታየት አለበት። በሰሜኑ ዓለም የልጆች ዕረፍትና የጀላቲ ወራት የሆኑት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በሉማሜ የዝናብና የጭቃ ወራት ናቸው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ልጆች ምድጃ ዙሪያ በሚሰበሰቡበት በዚሁ ክረምት ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ ይህም 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም የሚውልበት ጊዜ ነው። ሕፃናት እንዲጾሙ ባይገደዱም ቤቱ የጾም ቤት ስለሚሆን ወተትና ቅቤ ይርቃሉ፤ ጥምን የሚያረካው የተልባና የሱፍ ውኃ፣ የበሶ ብጥብጥም ነበረ። ከወተት የሚሠራ አይስክሬም በዓመቱ ሞቃት ሳምንታት በምእመናን ቤት ስፍራ የሚያጣ ሲሆን፣ ከፍሬና ከውኃ ብቻ የሚሠራው ጀላቲ ግን ለዚህ አገር የጾም ሥርዓትና የአየር ጠባይ ሳይለወጥ የሚስማማ መሆኑ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ነው።

ከማቀዝቀዣ በፊት ውኃን የሚያበርደው የሸክላ እንስራ ነበረ፤ ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች ጥቂት በጥቂት እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የጮቄ ተራራ የሚወርዱት ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋም ቀዝቃዛ ውኃ ለሜዳው ያደርሱ ነበር። በረዶ ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ ስለሚሰጥምበት በረዶ ይናገራል። ለደጋው ገበሬ በረዶ ሰብል የሚያጠፋ መቅሠፍት ሆኖ ሳለ፣ ልጆች ግን ዝናቡ እንዳባራ ከሣር ላይ እየለቀሙ አፋቸው ውስጥ ያሟሟት ነበር፤ በደጋው ልጅ እጅ መጀመሪያ የገባው የሚላስ በረዶም ይኸው ነው።

ፍሬ፣ ጣፋጭና ቅዝቃዜ በአንድ እንጨት ላይ የተገናኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፍራንክ ኤፐርሰን የተባለ የ11 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1905 መበጥበጫ እንጨት ያለበትን ጣፋጭ መጠጥ ደጅ አሳድሮ ረግቶ እንዳገኘው ይነገራል፤ ካደገ በኋላም በ1924 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች የጣሊያንኛውን ስም ይዞ ገባ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ስኳር ከባለጸጋ ቤት ወጥቶ ወደ ገጠር ገበያ ሲደርስ፣ ደስታ ከረሜላ የልጆችን ምላስ ከማር ወደ ስኳር መለሰው። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ቢቋቋምም አነስተኛ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች በስፋት መብራት ማግኘት የጀመሩት በ1998 ዓ.ም. ከተጀመረው ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ወዲህ ነው። በየመንገዱ የሚሸጠው ጀላቲ ብዙ ጊዜ ከስኳር፣ ከቀለምና ከውኃ የሚሠራ ስለሆነ ፍሬው በስም ብቻ የቀረበት ጊዜ አለ፤ የቤት አሠራር ጥቅሙ ፍሬውን ወደ ስፍራው መመለሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ሆኖ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ወይም ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ በጥቂት ሎሚ ይቀመማል፤ በትናንሽ ኩባያ ተቀድቶ እንጨት ተሰክቶበት ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ያድራል። ቅዝቃዜ ጀርሞችን ያደነዝዛል እንጂ ስለማይገድል ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ማር ከተጨመረበት ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ተራብቶ አደገኛ መርዝ ሊያመነጭ ይችላልና። ልጆቹም ማጠቡን፣ መጭመቁንና መቅዳቱን ራሳቸው ቢሠሩት ከአያቶቻቸው የዱር ሙያ የሚተካከል የእጅ ሙያ ያገኛሉ።

ቀጋና አጋምም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ቀጋ ከብርቱካን የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ ያለው ሲሆን፣ ተቀቅሎ በጥሩ ጨርቅ ሲጠለል ጸጉራሙ ዘር ይቀራል፤ አጋም ደግሞ ለጭማቂው ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጠዋል። ችግሩ ዛፎቹ መመናመናቸው ነው። የእርሻው ድንበር እስከ ገደሉ አፍ ሲሰፋና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ የቀረውን መሬት ሲይዝ፣ እሸና ዶቅማ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በሸለቆ ዳር ነው። ስለዚህ የችግኝ ጣቢያዎች ከማንጎና ከአቦካዶ ጎን ለጎን የእነዚህን ዘር አፍልተው ለየትምህርት ቤቱ ግቢ ቢያድሉ፣ በሚቀጥለው ትውልድ የሉማሜ ልጅ ጀላቲውን የሚሠራበትን ፍሬ በራሱ እጅ ሊለቅም ይችላል።