የሩቁ ሥዕልና የቅርቡ ክታብ

አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ሥዕል ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መገባደጃ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የትምህርቱ መሠረት ያዩትን አስተካክሎ መሳል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ ተማሪው በወሬ ይሰማው የነበረው የአውሮፓ ዘመናዊ ሥዕል ክፍሉ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሥዕላችን የፈረንጅ ግልባጭ ሆነ የሚል ፍርድ ዛሬም ይሰማል። እኔ ግን ሥራዎቹ ተቃራኒውን የሚመሰክሩ ይመስለኛል፤ የሩቁ ሥዕል ተማሪውን ወደ ቅርቡ መለሰው።

ቅርቡ ስል በመጀመሪያ ክታብን ማለቴ ነው። ደብተራ ለበሽተኛ ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን በሰውየው ቁመት ልክ ይቆርጣል፤ በጸሎቱ መካከል ጠልሰም ይስላል። በጠልሰሙ ላይ አፍጥጠው የሚያዩት ዓይኖች ጋኔን እንዲያባርሩ የታሰቡ ናቸው። ዓላማው ፈውስ ነውና ማንም እንደ ኤግዚቢሽን ሥዕል አይቆጥረውም ነበር። እስክንድር የጳውል ክሌን እና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች ፓሪስ ላይ አጥንቷል። ላም የአፍሮ ኩባውያንን መናፍስት ወደ ዘመናዊ ሥዕል ማስገባቱ፣ የእኛም ጠልሰም በሸራ ላይ ሊኖር እንደሚችል ያሳየ ይመስለኛል። እስክንድር በአዲስ አበባ ያስተማረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ትውልድ ዘሪሁን የትምጌታ በተገጣጠሙ የቀርከሃ ቁርጥራጮች ላይ የክታብን ምልክቶች ሳለ፤ በ1972 የተመረቀው ወሰነ ኮስሮፍም ፊደልን ራሱን የሥዕሉ አካል አደረገው።

ክታቡ የተመረጠው ምዕራባውያን ሥዕል ገዢዎች አፍሪካዊ ነገር ስለፈለጉ ነው የሚል ክርክር አለ፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1960ዎቹ የእስክንድርን ሥዕል ገዝቷል፤ ፍላጎቱ በእርግጥ ነበር። ሆኖም ገበያ የገዢውን ዓይን ይነግራል እንጂ ሠዓሊው ከምን እንደሚነሳ አይወስንም። ፍላጎቱ ብቻውን ቢመራቸው ኖሮ አንዱ ወደ ቀርከሃ፣ ሌላው ወደ ፊደል ባልሄዱ፤ ሁሉም እስክንድር ከክታብ ወደ ሸራው ያመጣቸውን ዓይኖች በደገሙ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የገብረ ክርስቶስ ጉዳይ ነው። በብዙ ሥዕሎቹ ክታብም ፊደልም የለም፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ። ያኔም ሰው የማይገባው፣ ባዕድ ሥዕል ተብሎ ተነቅፏል። እኔ ግን «ጎልጎታ»ን እንደ ማስረጃ አቀርባለሁ። በ1963 የተሠራው ይህ ሥዕል ስቅለትን በቀይ ቀለም ጉልበት ያቀርባል፤ የሥጋውን ዝርዝር ትቶ ደሙንና ሕመሙን ያስቀራል። የሠዓሊው አባት አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ቢሆን ሰውን እንደሚታየው አይስልም፤ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን የሚለየው ለትርጉም ብሎ ነው። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ የሚታየውን ትቶ የሚሰማውን መሳሉ ከኮሎኝ ብቻ ያመጣው ሳይሆን፣ በአባቱ ሙያ ውስጥ ቀድሞ የነበረ መብት ነው።