ዐቃቤ ሙቀት

ዐቃቤ ሙቀት የምንለው፣ በቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የክፍሉን አየር እየመዘነ፣ ሙቀቱ ባለቤቱ ከወሰነለት ልክ ሲጐድል ማሞቂያውን የሚያስነሣ፣ ልኩ ሲሞላም የሚያሳርፍ፣ በፈረንጅ አፍ ቴርሞስታት የሚባለው መሣሪያ ነው። ስሙን ከጽርእ ቃላት፣ ሙቅን ከሚያመለክተው ከቴርሞስና የቆመ ማለት ከሆነው ከስታቶስ አጋጥሞ በ1830 ዓ.ም. (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ያወጣለት እስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንድሩ ዩር ነበር። በእኛ ቋንቋ ብዙዎች «የሙቀት መቈጣጠሪያ» ይሉታል፤ ይህ አጠራር ስሕተት ባይኖርበትም፣ በእጅ የሚዞረውን ተራ ማብሪያና ማጥፊያ ሁሉ አብሮ ስለሚጠቀልል፣ የመሣሪያውን ልዩ ግብር፣ ይኸውም ጌታው ተኝቶ ሳለ እርሱ ነቅቶ መጠበቁን አይገልጥም። «ዐቃቤ» ግን ዐቀበ፣ ጠበቀ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሆኖ፣ ዛሬ በችሎት ከምንሰማው ከዐቃቤ ሕግ ሌላ፣ በመካከለኛው ዘመን በቤተ መንግሥት እጅግ ይከበር የነበረውንና ለሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ይሰጥ የነበረውን የዐቃቤ ሰዓት ማዕርግ ያስታውሰናልና፣ ሰዓትን የሚጠብቅ ዐቃቤ ሰዓት ከተባለ፣ ሙቀትን የሚጠብቅም ዐቃቤ ሙቀት ቢባል ቋንቋው አይቈረቍረውም።

የመሣሪያው ታሪክ ከስሙ ታሪክ ይልቅ ያዝናናል። በዊስኮንሲን ግዛት፣ በዋይትዋተር ከተማ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን፣ በብርድ ወራት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሙቀቱን ለማየት በየክፍሉ እየገባ፣ ከዚያም በምድር ቤት ወዳለው እቶን እየወረደ የአየሩን መዝጊያ ሲከፍትና ሲዘጋ ትምህርቱ መታወኩ ቢያስመርረው፣ የክፍሉ ሙቀት ሲዛነፍ በምድር ቤት ደወል የሚያስደውል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርቶ በ1883 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘበት። ይህ ዐቃቤ እንግዲህ እሳቱን በራሱ የሚነካ ሳይሆን ሰውን ጠርቶ የሚያሠራ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚኒያፖሊስ አልበርት ቡትዝ የተባለ ሰው መዝጊያውን በሞተር የሚያነሣ ሥልት አወጣና ዘበኛው ከመመላለስ ዐረፈ። በ1953 ዓ.ም. ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ ያወጣው ክቡ መሣሪያ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ተለመደ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኔስት የተባለው፣ የቤቱን ሰው መውጫና መግቢያ አጥንቶ ሰሌዳውን በራሱ የሚያወጣው መጣ።

ከዚህ በኋላ ነው «ስማርት» የሚለው ቅጽል የተለጠፈበት። ይህን ቅጽል «ለባዊ» ብሎ መመለስ ለጆሮ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ለባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ሊቃውንት ለነፍስ የሚሰጧት ባሕርይ ስለ ሆነ፣ ከኢንተርኔት ጋር ለተገናኘ የግድግዳ ዕቃ ማልበሱ ድፍረት መስሎ ይታየኛልና «ብልህ ዐቃቤ ሙቀት» ብለን ብናልፈው ይበቃል። ብልህነቱም በስልክ መታዘዙና የቤቱን ባዶነት ማወቁ አይደለም፤ ይህንማ ርካሹም ያደርገዋል። ብልህነቱ የሚፈተነው የሚያዝዘውን የማሞቂያ ጠባይ በማወቁ ነው፤ በተለይም ማሞቂያው ሂት ፓምፕ የሆነ እንደ ሆነ።

ሂት ፓምፕን «ሙቀት አመላላሽ» እንበለው፤ ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ያመላልሳል እንጂ አይፈጥርምና። በውስጡ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ብርድ ብቻ ከሚመስለን ከውጭው አየር እንኳ ሙቀት ወስዶ ይተንናል፤ ተኑ በመጭመቂያው ሲታመቅ እጅግ ይሞቅና ሙቀቱን በቤቱ ውስጥ አራግፎ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። በበጋ መንገዱ ይገለበጥና የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። እንዲህ ባለ ሥልት ቤትን ማሞቅ እንደሚቻል የኋላው ሎርድ ኬልቪን በ1852 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ትርፉም ይህ ነው፤ አየሩ እጅግ ባልከፋበት ቀን በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሁለት፣ ሦስት ኪሎዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ወደ ቤት ይገባል።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያገኙት ይህንኑ ነው፤ ከአመላላሹም ጋር፣ በቤት ውስጥ ባለው የአየር ማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ፣ «ረዳት ሙቀት» ልንለው የሚገባን የኤሌክትሪክ ጥቅልል ሽቦ ተደብቆ ይኖራል። ይህ ረዳት ብርዱ በርትቶ አመላላሹ ሲያቅተው፣ ወይም በውጭው መሣሪያ ላይ የተጋገረውን አመዳይ ለማቅለጥ አመላላሹ ለጥቂት ደቂቃ መንገዱን ሲገለብጥ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ የሚያግዝ ነው። (በዚያች ሰዓት ከውጭው መሣሪያ የሚነሣውን እንፋሎት ጢስ ነው ብሎ የሚደነግጥ አይጠፋም።) ነገር ግን አንድ ኪሎዋት በልቶ የሚመልሰው አንድ ኪሎዋት ሙቀት ብቻ ስለ ሆነ፣ ባስፈለገም ባላስፈለገም ጊዜ የሚጠራው ከሆነ የአመላላሹ ትርፍ ሁሉ በእርሱ ጉሮሮ ይወርዳል። የዐቃቤው ጥበብ እንግዲህ ይህን ረዳት መቼ እንደሚጠራ ሳይሆን መቼ እንደማይጠራ ማወቁ ላይ ነው።

የጋዝ እቶን ያለው ሰው በሌሊት ሙቀቱን ከ70 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 60 ዝቅ አድርጎ ጧት መልሶ ከፍ ቢያደርግ ያተርፋል፤ እቶኑ ኀይለኛ ነውና ቶሎ ይደርስለታል። አመላላሹ ግን ጭነቱን ሳያጓድል በአንድ እርምጃ ቀኑን ሙሉ እንደሚሄድ የጭነት በቅሎ ነው፤ አጣድፎ ማስጋለብ አይሆንም። የጧቱን ዐሥር ዲግሪ በአንድ ጊዜ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ የአመላላሹን ጠባይ የማያውቅ ዐቃቤ ረዳቱን ጠርቶ የሌሊቱን ቍጠባ በግማሽ ሰዓት ያስበላዋል። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የሄዱ እናት፣ የአራስ ቤት መሞቅ አለበትና፣ ቤቱ ቶሎ ይሞቅ ብለው ቍጥሩን ወደ 85 ሲያወጡት በጋዝ እቶን ቤት ቢሆን ፍጥነቱ ላይ ምንም አይጨምሩም፤ በአመላላሽ ቤት ግን በእርግጥ ያፈጥኑታል፤ ዕዳው የሚታወቀው ወር ሲሞላ ነው። ለዚህም አንዳንዱ ዐቃቤ ቍጥሩ ሊወጣ የሚችልበትን ከፍተኛ ልክ መቈለፍ ይፈቅዳል፤ ቍልፉን ለእናት ማስረዳት የልጅየዋ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የመስታወቱን ውበት ሳይሆን፣ መሣሪያው ረዳቱን የሚጠራበት የዲግሪ ልዩነትና የትዕግሥት ጊዜ በባለቤቱ ፈቃድ ሊወሰን መቻሉን ነው። ቀጥሎም የውጭውን አየር ከአየር ጠባይ ዜናም ሆነ ከራሱ መለኪያ አውቆ፣ ለምሳሌ ከ35 ወይም ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ እስከ ሆነ ድረስ ረዳቱን የሚከለክል፣ ጧት ሊሞቅ የሚገባውንም ቤት ቀደም ብሎ በዝግታ የሚያስጀምር መሆኑን ያጣራል። ይህን የማያደርግ መሣሪያ ብልህ መባሉ ለሻጩ ብቻ ነው።

የሽቦው ነገር ደግሞ ሊናቅ አይገባውም። አብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ በግድግዳ ሥር የተዘረጋ የ240 ቮልት ማሞቂያ ባለበት ቤት መስቀል አደጋ ነው። የማያቋርጥ ኀይል የሚያገኙበት «ሲ» የተባለው የጋራ ሽቦ በቀድሞ ቤቶች ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እርሱ ከሌለ ጠጋኝ መጥራት ወይም ለዚሁ የተሠራ ተጨማሪ ዕቃ ማስገባት ብዙ ጊዜ ግድ ይሆናል። መንገዱን የሚገለብጠው ቫልቭ ሽቦ «ኦ» ወይም «ቢ» ይባላል፤ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ቫልቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሲያቀዘቅዝ ሲሆን፣ እንደ ሪም ባሉት ግን ሲያሞቅ ነው፤ ይህ ምርጫ ተሳስቶ የተሞላ እንደ ሆነ ቤቱ ሙቀት ሲጠየቅ ብርድ ይነፋል። የመጭመቂያው ፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚል ዘመናዊ አመላላሽ ያለው ሰው ግን ፋብሪካው ከሰጠው ዐቃቤ ባይለይ እመክራለሁ፤ የሌላ ፋብሪካ ዐቃቤ ቢተካበት «ተነሣ፣ ዕረፍ» ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ በውድ የተገዛውን ልስላሴ ያጠፋዋል።

አንድ የቀረ ቃል አለ፤ በመሣሪያው ገጽ ላይ «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለው፣ «የብልሽት ጊዜ ሙቀት» ብንለው የሚሻለው። ስሙን የሰማ ሰው በረዶ የጣለ ሌሊት ይህን መጫን ያለበት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን አመላላሹን ፈጽሞ አሳርፎ ቤቱን በረዳቱ ብቻ የሚያስሞቅ፣ የውጭው መሣሪያ ሲሰበር ጠጋኝ እስኪመጣ የሚያገለግል ትእዛዝ ነው። በስሕተት ተጭኖ ወር ሙሉ ሊቈይ ይችላል፤ ቤቱ ይሞቃልና ማንም አይጠረጥርም። ደኅናው ዐቃቤ ይህ ትእዛዝ እንደ በራ በገጹ ላይ በግልጥ ያሳያል፣ ወደ ስልክም ይልካል፤ እንዲህ የማያሳውቀውን ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛውም።